የዐቂቅ ቀለበት፦ ከማኅተምነት እስከ «መድኃኒትነት»

የዛሬው ርእሳችን በጣት ላይ የምትውል አንዲት ድንጋይ ናት።

ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍ ጨርቅ ዘርግተው ሽቶ፣ ሲዋክና ተስቢሕ የሚሸጡ ወንድሞች ዘንድ ቀይ ፈርጥ ያላቸው የብር ቀለበቶች አይጠፉም። ዋጋውን ስትጠይቁ ከዋጋው ቀድሞ ጥቅሙ ይነገራችኋል። የደም ግፊት ያወርዳል፣ ለልብ ይበጃል፣ ቡዳ ያርቃል፣ ሪዝቅ ያሰፋል ይባላል። በመጨረሻም «ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያደርጉት ነበር» የሚለው ይከተላል። ለነገሩ ክብደት የሚሰጠው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ለኪኒን የያዘውን ገንዘብ ለቀለበት የሚያወጣ በሽተኛ የሚገዛው ድንጋዩን ሳይሆን ቃሉን ነውና፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ መከታተል ይገባናል።

አስቀድመን ድንጋዩን እንወቀው። ዐቂቅ ከኳርትዝ ወገን ነው። በዓይን ከማይለዩ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተገነባ ሲሆን፣ ቅላቱ የሚመጣው በውስጡ ካለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማለትም ምስማር ሲዝግ ከምናየው ቅላት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ ደላንታ የተገኘው ኦፓልም ዘመዱ ነው፤ ኦፓል ግን በውስጡ ውኃ ይይዛል። ዐቂቅን ቢላዋ አይጭረውም። የተቀረጸበት ጽሑፍ ለዘመናት አይደበዝዝም፤ ሲያትሙበትም ሰም አይጣበቅበትም። የጥንት ሰዎች ለማኅተም የመረጡት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለበት እንሂድ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ ለኪስራ፣ ለቀይሰርና ለነጃሺ ደብዳቤ ሊጽፉ ሲያስቡ፣ ነገሥታቱ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። በዚህም ምክንያት የብር ቀለበት አሠሩ። ጽሑፉ ሦስት መስመር ነበር፤ በአንዱ «ሙሐመድ»፣ በአንዱ «ረሱል»፣ በአንዱ «አላህ» የሚሉት ቃላት ነበሩበት። እንግዲህ ቀለበቱ የተሠራው ለደብዳቤ ሥራ ነው። ከሚጻፍላቸው ነገሥታት አንዱ የሐበሻው ንጉሥ መሆኑንም ልብ በሉ።

የአገራችን ስም እዚህ ጋር አንዴ ብቻ አይደለም የሚነሳው። እነዚሁ አነስ፣ የነቢዩ ቀለበት ከብር እንደነበረና ፈርጡም «ሐበሺይ» እንደነበረ ያወሩት ሐዲስ በሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ይገኛል። «ሐበሺይ» ማለት ምን ማለት ነው? ኢማም አን-ነወዊ (ዕረፍታቸው በ676 ዓመተ ሂጅራ) የዑለማዎችን ማብራሪያ ሲያቀርቡ ሁለት ነገር ይጠቅሳሉ። አንደኛው ፈርጡ ከጀዝዕ ወይም ከዐቂቅ ነበር፤ የነዚህ ድንጋዮች ማዕድን በሐበሻና በየመን ይገኛልና። ሁለተኛው ደግሞ ቀለሙ ጥቁር ስለነበር ነው የሚል ነው። በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ ፈርጡም ራሱ ከብር እንደነበረ ተነግሯል፤ ዑለማዎች ይህን ያስታረቁት ቀለበቱ ከአንድ በላይ እንደነበረ በመናገር ነው። ስለዚህ «ዐቂቅ አድርገው ነበር» የሚለው ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ «ለሕመም አደረጉት» የሚለው ግን በነዚህ ዘገባዎች ውስጥ ፈጽሞ የለም።

የማኅተሙ ቀለበት ከነቢዩ በኋላ በአቡበክር፣ ከዚያ በዑመር፣ ከዚያ በዑስማን (ረዲየላሁ ዐንሁም) እጅ ቆየ። በዑስማን ዘመን ከአሪስ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቀን ፈለጉት፤ ውኃውንም ቀዱት፤ አልተገኘም።

ድንጋይ ለጌጥ መዋሉም በቤታቸው የታወቀ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በዘመቻ ላይ የጠፋባቸው፣ እሱን ሲፈልጉ ጉዞው ጥሏቸው የሄደው፣ ከዚያም የኢፍክ ወሬ የተነሣበት ሐብል የየመኗ ዘፋር ጀዝዕ ነበር።

ይህ የድንጋይ ንግድ ባሕሩን ተሻግሮ እስከ እኛ አገር ይዘልቅ ነበር። በድሬዳዋ አቅራቢያ ሐርላ በምትባለው መንደር፣ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቡድን ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ቁፋሮ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጂድ፣ የሙስሊሞች መቃብር፣ የብርጭቆና የዐቂቅ ዶቃዎች፣ እንዲሁም የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ አግኝቷል። ዶቃው የተሠራበት ስልት ከሕንድ ጋር የሚዛመድ መሆኑን አጥኚዎቹ ተናግረዋል። የአካባቢው ገበሬዎች ከዚያ በፊት የሕንጻዎቹን ድንጋይ ትልቅነት አይተው ከተማዋን የሠሯት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይሉ ነበር። ነጋዴዎችና አንጥረኞች ነበሩ።

ታዲያ «ዐቂቅ አድርጉ፣ ብሩክ ነውና»፣ «ድህነትን ያባርራል» የሚሉት ሐዲሶችስ? በሺዓ ሙስሊሞች የሐዲስ ስብስቦች ውስጥ ሰፊ ቦታ አላቸው፤ በነርሱ ዘንድ ቀለበቱ የተወደደ ነው። የሱንኒ የሐዲስ ሊቃውንት ግን ዘገባዎቹን አንድ በአንድ መርምረው ጥለዋቸዋል። አል-ዑቀይሊ በዚህ ርእስ ከነቢዩ የጸና ነገር የለም ብለዋል፤ ኢብኑል ጀውዚ (ዕረፍታቸው በ597 ዓመተ ሂጅራ) በሐሰት ከተፈጠሩት ሐዲሶች መካከል መዝግበዋቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመው በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቋንቋ ሊቅ ሐምዛ አል-ኢስፈሃኒ የሰጠው ማብራሪያ ነው። በዐረብኛ «ተኸተሙ» ማለት ቀለበት አድርጉ ማለት ነው፤ «ተኸየሙ» ደግሞ ድንኳን ትከሉ። ሁለቱ ቃላት በጽሑፍ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነጥቦች ብቻ ነው፤ ሁለቱ ነጥቦች ከላይ ከሆኑ ቀለበት፣ ከታች ከሆኑ ድንኳን። ከመዲና አጠገብ ደግሞ «አል-ዐቂቅ» የሚባል ሸለቆ አለ፤ ብሩክ ሸለቆ መሆኑ በቡኻሪ በዑመር ዘገባ ተጠቅሷል። ስለዚህ ቃሉ በዐቂቅ ሸለቆ ስፈሩ የሚል ሆኖ ሳለ፣ ነጥቦቹ ከታች ወደ ላይ ሲወጡ ሸለቆው ድንጋይ፣ ድንኳኑም ቀለበት ሆነ ማለት ነው። ሐምዛ ትክክል ይሁን አይሁን ሊቃውንት ይነጋገሩበታል፤ ለእኔ ግን አሳማኝ ነው።

የፈውሱ ወሬ የመጣው በሌላ በር ነው። በአርስቶትል ስም የሚጠራ፣ የእርሱ ያልሆነ የድንጋዮች መጽሐፍ በዐረቡ ዓለም ይዞር ነበር። በክርክር ጊዜ ቁጣን ያበርዳል፣ የሚፈስ ደም ያቆማል፣ ዱቄቱ ጥርስ ያነጻል የሚሉት ነገሮች ከዚህ መጽሐፍ ተቀድተው የኢብኑል በይጣርን የመሳሰሉ ሐኪሞች ኪታቦች ውስጥ ገቡ። የደሙ ምክንያት በቀለሙ ላይ የቆመ ይመስላል፤ ቀዩ ለቀዩ። የጥርሱ ነገር ግን ከፊል እውነት አለው። ዱቄቱ ከጥርስ ስለሚጠነክር ቆሻሻውን ይፍቃል። ችግሩ የጥርሱን ሽፋንም አብሮ መፋቁ ነው።

ከሙስሊም ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ወሬ በእጁ የፈተነም ነበር። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዕንቁዎች በጻፈው «አል-ጀማሂር» በተባለው ኪታቡ፣ እባብ መረግድ ካየ ዓይኑ ይፈሳል የሚለውን በየመጽሐፉ የተደጋገመ ነገር ያነሣል። መረግድ በእባብ አንገት ላይ አጠለቀ፣ ከሚያድርበት ቅርጫት ውስጥ አነጠፈ፣ ከፊቱም አንጠለጠለ፤ በሙቀትም በብርድም ዘጠኝ ወር ሞከረ። እባቡ ምንም አልሆነም። ዓይኑን የበለጠ አጥርቶለት እንደሆነ እንጂ፣ ሲል ይቀልዳል ቢሩኒ። የዛሬ ሻጮቻችን የቢሩኒን ያህል ሳይሆን አንድ ሳምንት እንኳ የደም ግፊት መለኪያ ይዘው ቢቀመጡ ምን ባማረ ነበር!

ዑለማዎች ወንድ ልጅ የብር ቀለበት ከነፈርጡ ቢያደርግ አይከለክሉም። በጌጥነቱ የተወደደ ነገር ነው። በሽታ ይመልሳል፣ ዓይነ ጥላ ይከላከላል ተብሎ የታሰረ ድንጋይ ግን ከሂርዝና ከጨሌ ጋር በአንድ ምዕራፍ ይገባል፤ ዑመር (ረ.ዐ.) በሐጀሩል አስወድ ፊት ቆመው፣ የማትጎዳና የማትጠቅም ድንጋይ መሆንሽን አውቃለሁ ማለታቸው በየቤታችን የሚታወቅ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ድንጋዩን የሚሠሩት ሰዎች። ከጥንት ጀምሮ የዐቂቅ ዋና ገበያ በሕንድ ጉጅራት የምትገኘው ኸምባት ናት፤ ኢብኑ በጡጣም በ14ኛው ክፍለ ዘመን አይቷታል። ድንጋዩን በፀሐይ ያደርቁታል፤ ቀለሙ እንዲቀላ በሸክላ ማሰሮ አድርገው በዝግታ እሳት ያበስሉታል፤ ከዚያ ይጠርቡታል፣ ይፈጩታል። መፍጫው በብዙ ቤት ውስጥ ያለው ከመኖሪያው ክፍል ነው። የሚቦነው ነጭ አቧራ ከአየር ጋር ይተነፈሳል፣ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሳንባውንም ያጠነክረዋል። ሐኪሞች ሲሊኮሲስ ይሉታል። የሕንድ የሙያ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች በኸምባት ፈጪዎች፣ በቤተሰቦቻቸውና በጎረቤቶቻቸው ላይ ሳይቀር አግኝተውታል። የሳንባ ነቀርሳም በቀላሉ ይጨመርበታል። የሚከላከሉት በውኃ እያረጠቡ በመፍጨት፣ አቧራውን በሚስብ መሣሪያና መፍጫውን ከመኖሪያ ቤት በማውጣት ነው። አንዴ ከያዘ በኋላ የጠነከረውን ሳንባ የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም።