የሊኑክስ ኮምፒውተር ሰዓት ለምን ይዛባል? እንዴትስ ይስተካከላል?

የኮምፒውተር ሰዓት መዛባት ጉዳቱ ቀጠሮ በማሳለፍ ብቻ አያበቃም። የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ በመሆኑ፣ ቀኑን የሳተ ኮምፒውተር የባንክ ገጽም ሆነ ኢሜይል ላይከፍት ይችላል።

ሊኑክስ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ኤንቲፒ በተሰኘው ሥርዓት በኢንተርኔት ከሚገኙ የሰዓት ሰርቨሮች ጋር እያመሳከረ ነው። ይህ ሲስተጓጎል የስህተቱ መጠን መንስኤውን ይጠቁማል።

ልክ ሦስት ሰዓት ከቀደመ፦ ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስም ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ በማሽኑ ውስጣዊ ሰዓት ላይ የአካባቢውን ሰዓት ይመዘግባል። ሊኑክስ ደግሞ ያንን የዓለም አቀፉ ሰዓት አድርጎ በመቁጠር፣ ለአዲስ አበባም ሆነ ለናይሮቢ ሦስት ሰዓት ይጨምርበታል። መፍትሔው ሁለቱም ውስጣዊውን ሰዓት በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያነቡ ማድረግ ነው።

ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ሲበራ ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ፦ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሳያልቅ አይቀርም። በአብዛኛው ሲአር2032 የሚባለው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ሲሆን በቀላሉ ይቀየራል።

በጥቂት ደቂቃዎች ተዛብቶ ልዩነቱ እያደር ከሰፋ፦ በቅንብሮች ውስጥ የሰዓት ራስ ሰር ማስተካከያው መብራቱን ያረጋግጡ። በርቶም ካልሠራ፣ የኔትወርኩ ፋየርዎል ኤንቲፒ የሚጠቀምበትን ፖርት 123 ዘግቶ ይሆናል። ሰዓት የሚያመሳክሩ ሁለት ፕሮግራሞች ካሉም አንዱን ያጥፉ።

ለኢትዮጵያውያን የስድስት ሰዓት ልዩነት ግን ብልሽት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት፣ የአገሩ ልማድ ግን ከንጋት ስለሆነ ነው።