ከደቡብ ወደ ሰሜን፥ ከሰሜንም ወደ ደቡብ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄድ ያየ ሁሉ ምክንያቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስለዋል። አንዱ ሀብት ፍለጋ ነው ይላል፤ ሌላው የወጣትነት ችኮላ ነው ይላል። ታሪክን በትዕግሥት ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ በአንድ ቃል የሚፈጸም አይደለም። የሰውን መሄድ በሚገባ ለማወቅ መሄዱን ብቻ ሳይሆን መመለሱንም መመልከት ያስፈልጋል፤ የሸሸው ነገር በተወገደ ጊዜ ወደ ስፍራው ከተመለሰ፥ የሸሸው ምን እንደ ነበረ በዚያ ይታወቃልና። በአሜሪካ ከደቡብ ግዛቶች ወደ ሰሜን ግዛቶች የፈለሱት የጥቁሮች አሜሪካውያን ታሪክ ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1910 ዓ.ም. እስከ 1970 ዓ.ም. ባሉት ስድሳ ዓመቶች ውስጥ ስድስት ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቁሮች ከሚሲሲፒ፥ ከአላባማ፥ ከጆርጂያ፥ ከሉዊዚያናና ከቀሩት የደቡብ ግዛቶች ተነሥተው ወደ ቺካጎ፥ ወደ ዲትሮይት፥ ወደ ፊላደልፊያ፥ ወደ ኒው ዮርክ፥ ወደ ሎስ አንጀለስም ሄዱ። እነዚህ ሰዎች ባሕር አልተሻገሩም፤ መንግሥትም አልለወጡም። ባንዲራው አንድ፥ ገንዘቡ አንድ፥ ቋንቋው አንድ ነበረ። ነገር ግን አንዱን ግዛት ለቅቆ ወደ ሌላው መግባት ለእነርሱ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም እንደ መሻገር ያህል ነበር። በ1910 ዓ.ም. ከአሥር ጥቁሮች ዘጠኙ በደቡብ ይኖሩ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ግን በዚያ የቀሩት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ነበሩ።

የዚህን ነገር ሥር ለማየት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያሻል። በ1865 ዓ.ም. ባርነት በአሜሪካ ሁሉ በሕግ ተሻረ፤ በ1870 ዓ.ም. ደግሞ በዘርና በቀለም ምክንያት ማንም የመምረጥ መብቱን እንዳይከለከል ተደነገገ። ዳሩ ግን ይህ ተስፋ ብዙ አልቆየም። ሚሲሲፒ በ1890 ዓ.ም. ባወጣችው ሕገ መንግሥት መራጩ አስቀድሞ ግብር እንዲከፍል፥ በንባብም እንዲፈተን አዘዘች፤ ፈታኙም ነጭ ሹም ስለ ነበረ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ የታወቀ ነበር። የቀሩትም የደቡብ ግዛቶች ፈለጓን ተከተሉ። በሉዊዚያና በ1896 ዓ.ም. 130,334 ጥቁሮች በመራጭነት ተመዝግበው ነበር፤ በ1904 ዓ.ም. ግን የቀሩት 1,342 ብቻ ሆኑ። በዚያው በ1896 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥቁሮችና ነጮች በባቡር ተለያይተው እንዲቀመጡ የሚያዝዘው የሉዊዚያና ሕግ ትክክል ነው ብሎ ፈረደ። ከሕጉም የከፋው ያለ ፍርድ የሚደረገው ግድያ ነበር፤ ከ1877 ዓ.ም. እስከ 1950 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በሕዝብ መንጋ ተይዘው የተገደሉት ጥቁሮች ከአራት ሺህ ይበልጣሉ።

የእርሻውም አሠራር እንደዚሁ ነበር። ባለርስቱ መሬቱን፥ በቅሎውንና ዘሩን ይሰጣል፤ አራሹም ከነሚስቱና ከነልጆቹ ጥጡን ዘርቶ፥ ኰትኵቶ፥ ለቅሞ ምርቱን እኩል ይካፈላል። በቃል ሲነገር በኢትዮጵያ ይታወቅ ከነበረው እኩል አራሽነት እምብዛም የተለየ አይመስልም። ነገር ግን ምርቱ እስኪደርስ ድረስ አራሹ የሚበላውን ዱቄትና የሚለብሰውን ጨርቅ በብድር ይወስድ ነበር፤ የብድሩን መዝገብ የሚይዘውም፥ ጥጡን የሚመዝነውም፥ ዋጋውን የሚቈርጠውም ብዙውን ጊዜ ያው ባለርስቱ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ለአራሹ የሚደርሰው አዘውትሮ ትርፍ ሳይሆን ዕዳ ሆነ፤ ሒሳቡ ተሳስቷል ብሎ መጠየቅም ለሕይወት የሚያሠጋ ድፍረት ነበር። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው፥ ልጁም በአባቱ ዕዳ ላይ ተወልዶ በዚያው ላይ ያረጅ ነበር።

እንግዲህ መከራው የቆየ ከሆነ እስከ 1910ዎቹ ድረስ ለምን ታገሡ? ይህ ጥያቄ የተገባ ነው። በእርግጥ ቀድመው የወጡ ነበሩ፤ በ1879 ዓ.ም. በሺህ የሚቈጠሩ ጥቁሮች ከሚሲሲፒና ከሉዊዚያና ተነሥተው ወደ ካንሳስ ሄደዋል። ሆኖም ብዙኃኑ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። የሰሜን ፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚያገኙት በየዓመቱ በመርከብ ከሚመጡት አውሮፓውያን ነበረና ጥቁሩን የሚፈልገው አልነበረም። በ1914 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የገቡት መጻተኞች 1,218,480 ነበሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን መንገዱ ተዘጋ፤ በ1918 ዓ.ም. የገቡት 110,618 ብቻ ሆኑ። የብረት ማቅለጫውም፥ የሥጋ ፋብሪካውም፥ የባቡር ኩባንያውም ለጦርነቱ የሚሆነውን ሥራ ይዘው ሰው አጡ። በዚያው ዘመን በ1892 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳስ የገባው የጥጥ ተባይ ከግዛት ወደ ግዛት እየተዛመተ የጥጡን ፍሬ ከውስጡ ይበላው ጀመር። ከኋላ ተባዩና ዕዳው ገፋ፤ ከፊት ደመወዙ ጠራ፤ ስለዚህም የተዘጋው በር ተከፈተ።

በሩ መከፈቱን ለሕዝቡ ያወራው ደብዳቤና ጋዜጣ ነበር። የጆርጂያ ተወላጅ የሆነው ሮበርት አቦት በ1905 ዓ.ም. በቺካጎ ያቋቋመው ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው ጋዜጣ በደቡብ የሚደረገውን ግፍ ሳይሸሽግ ይጽፍ ነበር፤ በሰሜን የሚገኘውንም ሥራ ያስታውቅ ነበር። በባቡር የሚያገለግሉ ጥቁሮች ጋዜጣውን ወደ ደቡብ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ አንዱ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፥ ማንበብ ለማይችሉትም በጸጉር አስተካካይ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነበብ ነበር። የሚሄዱበትንም ከተማ የወሰነው የባቡሩ ሐዲድ ነው። ከሚሲሲፒ የተነሣው በኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ወደ ቺካጎ ወጣ፤ ከካሮላይናና ከጆርጂያ የተነሣው በምሥራቁ ሐዲድ ወደ ፊላደልፊያና ወደ ኒው ዮርክ ደረሰ፤ የሉዊዚያናና የቴክሳስ ሰውም በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። አስቀድሞ የሄደው ለወንድሙ ይጽፋል፥ ማደሪያ ያዘጋጅለታል፤ ወንድሙም ለጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል።

የደቡብ ሹማምንትና ባለርስቶች ይህን ባዩ ጊዜ ደነገጡ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ምክንያቱን የፈለጉበት ስፍራ ነው። ሕዝቡ ደስ ብሎት ይኖር ነበር፤ ያሳሳቱት ከሰሜን የመጡ ሠራተኛ መልማዮች ናቸው አሉ። ስለዚህም በ1916 ዓ.ም. በጆርጂያ የምትገኘው የሜከን ከተማ ማንኛውም መልማይ 25,000 ዶላር ለፈቃድ እንዲከፍል፥ ከዚህም ጋር የአሥር ካህናትን፥ የአሥር የፋብሪካ ባለቤቶችንና የሃያ አምስት ነጋዴዎችን ምስክርነት እንዲያቀርብ ደነገገች። በሌሎችም ከተሞች ፖሊሶች ተሳፋሪዎችን ከባቡር ጣቢያ ያባርሩ ነበር። መልማዩን ከለከሉ፤ መዝገቡን ግን አላስተካከሉም፤ ዳኛውንም አልለወጡም። ሕዝቡም በራሱ ገንዘብ ቲኬት እየገዛ መሄዱን ቀጠለ። ቤቱ ሲያፈስ ክዳኑን ማደስ ትቶ በሩን የሚቈልፍ ሰው፥ በውስጥ ያሉትን አስሮ ማስቀረት የሚችል ይመስለዋል።

ከሚሲሲፒ ከሃቲስበርግ ከተማ በአንድነት ተነሥተው ስለ ሄዱ 147 ሰዎች የተጻፈ አንድ ነገር አለ። ባቡራቸው የኦሃዮን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ ሰዓታቸውን አቁመው፥ ተንበርክከው ጸለዩ፤ ከግብፅ ባርነት ስለ መውጣትም ዘመሩ። ደመወዝ ፈልጎ ብቻ የሚሄድ ሰው ወንዝ ሲሻገር ሰዓቱን አያቆምም። እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ዘመን ተፈጽሞ ሌላ ዘመን እንደ ጀመረላቸው ያምኑ ነበር።

ሰሜን ግን ገነት ሆኖ አልተገኘም። የቺካጎ ጥቁሮች ቊጥር በ1910 ዓ.ም. ከነበረው 44,103 ተነሥቶ በ1920 ዓ.ም. 109,458 ደረሰ፤ መኖሪያ ሰፈሩ ግን እንደ ሕዝቡ አልሰፋም። ነጮች የቤት ባለቤቶች ለጥቁር እንዳይሸጡ ወይም እንዳያከራዩ በውል ይተሣሠሩ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን የመሰለ ውል በፍርድ ቤት እንዳይጸና የወሰነው በ1948 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 1919 ዓ.ም. አንድ ጥቁር ወጣት በሐይቅ ሲዋኝ በድንጋይ ተወርውሮበት ሰጠመ፤ ከዚያም በተነሣው ሁከት 38 ሰዎች ሞቱ። ሆኖም በሰሜን የሠራበት ደመወዝ በየሳምንቱ በእጁ ይቈጠርለት ነበር፤ ልጁም ዓመቱን ሙሉ ይማር ነበር፤ እርሱም ይመርጥ ነበር። የአላባማ ተወላጅ የሆነው ኦስካር ዲ ፕሪስት በ1928 ዓ.ም. በቺካጎ ሕዝብ ተመርጦ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ምክር ቤት ጥቁር እንደራሴ አልነበረም። አብያተ ክርስቲያናቱም ለመጤው ማደሪያና ሥራ ይፈልጉለት ነበር። በ1808 ዓ.ም. የተመሠረተችውና በአቢሲኒያ ስም የምትጠራው የኒው ዮርክ ቤተ ክርስቲያን መጤዎቹ በበዙበት በሃርለም ሰፈር አዲሱን ሕንፃዋን የከፈተችው በ1923 ዓ.ም. ነበር።

በደቡብ የቀሩት ሽማግሌዎች ግን እርጅናቸውን በምን አሳለፉ? በ1935 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የጡረታ ሕግ የፋብሪካውን ሠራተኛ ሲያቅፍ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን ከውጭ አስቀራቸው፤ እነርሱን ማስገባት የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. ሲሆን በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ሰፋ ተደረገ። ስለዚህ ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ በዲትሮይት ብረት ሲሠራ፥ ሌላው በሚሲሲፒ ጥጥ ሲለቅም አርጅተው እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው ጡረታ ያገኝ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ድካሙ በየትም መዝገብ አልተጻፈለትም። በ1944 ዓ.ም. በሚሲሲፒ በክላርክስዴል አጠገብ ጥጥ የሚለቅም መኪና በእርሻ ላይ በታየ ጊዜ ደግሞ የክንዱም ዋጋ አበቃ።

የሽማግሌ ልብ በአፈሩ ላይ እንዴት እንደሚጸና፥ እንዴትም ተነቅሎ እንደሚወጣ የሙሴ ራይት ታሪክ ያሳያል። ይህ ሰው በሚሲሲፒ ጥጥ እያረሰ የሚሰብክ የ64 ዓመት ሽማግሌ ነበር። በነሐሴ 1955 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመቱ ኤሜት ቲል በእርሱ ቤት ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከቺካጎ መጣ፤ የልጁ እናት በሕፃንነቷ ከሚሲሲፒ የወጣች ነበረች። አንዲትን ነጭ ሴት ደፈረ ተብሎ ልጁ በሌሊት ከሽማግሌው ቤት ተወስዶ ተገደለ። ሙሴ ራይት በፍርድ ቤት ቆሞ የወሰዱትን ነጮች በጣቱ አመለከተ፤ በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ለጥቁር ሰው እንዲህ ማድረግ ነፍስን አሳልፎ እንደ መስጠት ነበር። ነጮች ብቻ የነበሩባቸው ዳኞች ግን ተከሳሾቹን ነጻ ለቀቁ። ሽማግሌውም ዕድሜ ልኩን ያረሰውን ምድር ለቅቆ ወደ ቺካጎ አካባቢ ተሰደደ። እርሱን ያስወጣው የደመወዝ ምኞት እንዳልነበረ ማንም ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1964 ዓ.ም. በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ጥቁርን ከነጭ መለየት በሕግ ተከለከለ፤ በ1965 ዓ.ም. የመምረጥ መብት ተጠበቀ። ብዙ ዓመት ሳይቈይ፥ ከ1975 ዓ.ም. እስከ 1980 ዓ.ም. ባሉት ዓመቶች፥ ወደ ደቡብ የገቡት ጥቁሮች ከደቡብ ከወጡት በለጡ፤ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህም የሚመለሰው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። ወጣቶቹ ሥራ ፈልገው ወደ አትላንታና ወደ መሰሎቿ ከተሞች ሄዱ፤ የሰሜን ፋብሪካዎች መዘጋትና የቤት ዋጋ መወደድም ገፋቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ጡረታቸውን ይዘው ባቡር ወደ ተሳፈሩባቸው ትንንሽ ከተሞች ተመለሱ። አንዳንዱ ሳይከፈል በወራሾች ሁሉ ስም በቈየው በአያቱ መሬት ላይ ቤት ሠራ፤ አንዳንዱ ያረጀች እናቱን ሊጦር ገባ፤ አንዳንዱም የወላጆቹ መቃብር ካለበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሊያርፍ ወደደ። እርግጥ ነው፥ የብዙዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በሰሜን ቀርተዋል፤ አገራቸውም ያ ሆኗል።

የጆርጂያ ፀሐይ በ1916 ዓ.ም. እንደ ነበረው በኋላም ያው ነበር፤ የሚሲሲፒም አፈር አልተለወጠም። የተለወጠው ሕጉ ነው። በወጣትነቱ በሌሊት ሻንጣውን ይዞ የወጣው ሰው በሽምግልናው በቀን በገዛ መኪናው ሲመለስ፥ አገሩን ጠልቶ እንዳልሄደ ራሱ መሰከረ። እንግዲህ ሕዝቡ እየተነሣ የሚሄድበት ግዛት ሹም፥ የሚሄዱትን ከመቈጣቱና መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት፥ ሚዛኑ የተስተካከለ፥ መዝገቡ የቀና፥ ፍርድ ቤቱም ለሁሉ የተከፈተ መሆኑን ይመርምር። ሰው ከአፈሩ አይሸሽም፤ ከፍርድ መጓደል ግን ይሸሻል።