ልጓሙ በማን እጅ ነው?

ጋሞ ዞን ውስጥ የካምባን ዳገት በበቅሎ የወጣ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። መንገዱን የሚመርጠው ጋላቢው ነው፤ እግሯን የምታሳርፍበትን ድንጋይ የምትመርጠው ግን በቅሎዋ ናት። እያንዳንዱን እርምጃ እኔ ልዘዝ ያለ ገደል ይገባል። ልጓሙን ጭራሽ የለቀቀም ካሰበበት አይደርስም። ሰው በሐሳቡ ሮቦት እንዲያዝ የሚደረገው ምርምር መቶ ዓመት ተጉዞ የደረሰው እዚሁ ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩም የሚጀምረው ከፈረስ ነው። ጀርመናዊው ሃንስ በርገር በወጣትነቱ ውትድርና ላይ ሳለ ከፈረስ ወድቆ፣ መድፍ በሚጎትት ሠረገላ ከመጨፍለቅ ለጥቂት ተረፈ። እህቱ በርቀት ሆና "ወንድሜ አደጋ ላይ ነው" ብላ አባቷን ቴሌግራም አስላከች። በርገር ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል ብሎ አመነና ያንን ኃይል ፍለጋ ገባ። የፈለገውን አላገኘም። ነገር ግን በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገበ፤ በ1929 አሳተመው። በ1973 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዣክ ቪዳል "ይህ ሞገድ ኮምፒውተር ሊያዝ ይችላል ወይ?" ሲል ጠየቀ።

በ2011 ካቲ ሃቺንሰን የተባሉ አሜሪካዊት መልሱን በቡና አሳዩ። ስትሮክ እጅና እግራቸውን ከነሳቸው 15 ዓመት ሊሞላ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ በተቀበረች ትንሽ መሣሪያ የሮቦት ክንድ አዝዘው ጠርሙሱን ወደ አፋቸው አመጡ። ከስድስት ሙከራ አራቱ ተሳካ።

ሁሉን በሐሳብ ማዘዝ ግን አድካሚ ነው። ስለዚህ በ2016 የፒትስበርግ ተመራማሪዎች ሥራውን ከፈሉት፤ ሰው ክንዱን ወደ ዕቃው ይመራል፣ ካሜራ የተገጠመለት ክንድ አጨባበጡን ያስተካክላል። አያያዙም ተሻለ። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ራስ ላይ በሚጠለቅ ቆብ ብቻ ክንድ ማንቀሳቀስም ተችሏል።

በእኔ እምነት ለእኛ የሚቀርበው ይህ መንገድ ነው። አንጎል ከፍቶ መሣሪያ መቅበር ከካምባ ሩቅ ነው። ከቆብ የሚነበበው ሞገድ ደካማ ቢሆንም ጉድለቱን የማሽኑ ብልህነት ይሞላዋል።

አደጋውም እዚያው ነው። ቤቱ አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ያለው ያውቀዋል፤ ከፍቅር ብዛት ሳይጠይቅ እናጎርሰዋለን፣ ሳይጠማው እናጠጣዋለን። ሰውየው ያጣው እጁን ብቻ ሳይሆን "አሁን አልፈልግም" ማለትንም ነው። ብልህ ማሽንም እንደ እኛ ሊሆን ይችላል።

በቅሎዋ ድንጋዩን ትምረጥ። መንገዱ ግን የጋላቢው ይሁን።