የፎሬ መንደሮችና የኩሩ በሽታ፦ አኗኗር፣ ንብረትና መንገድ በአንድ ወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ

መግቢያ

በሕክምና ታሪክ ስማቸው ከአንድ በሽታ ጋር ተቆራኝቶ የቀረ ሕዝቦች አሉ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ምሥራቃዊ ደጋማ ክፍል፣ በኦካፓ አካባቢ የሚኖረው የፎሬ ሕዝብ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ10,000 ጥቂት በሚበልጠው በዚህ ሕዝብ መካከል ኩሩ የተባለ የአንጎል በሽታ በአንዳንድ ዓመታት እስከ 200 የሚደርሱ ሰዎችን ይገድል ነበር። የኩሩ ጥናት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከቤተ ሙከራ በመነሣት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ከመንደሩ ይነሣል። ሰው የት ያድር እንደ ነበር፣ ማን ምን ይበላ እንደ ነበር፣ ንብረት እንዴት ይከፋፈል እንደ ነበርና ከመንደር ወደ መንደር እንዴት ይኬድ እንደ ነበር ይመለከታል። የበሽታው ምሥጢር የተፈታው እነዚህ ጥያቄዎች በአግባቡ ከተጠየቁ በኋላ ነውና። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመንደሩ ኑሮና ንብረት

የፎሬ አገር ተራራና ሸለቆ የሚፈራረቁበት፣ ደን የለበሰ ምድር ነው። ዋናው ምግብ ስኳር ድንች ሲሆን ጎደሬና ሸንኮራ አገዳም ይበቅላሉ። ወንዶች ደኑን መንጥረው፣ አሳማ እንዳይገባ አጥር ያጥራሉ። መትከል፣ ማረም፣ መቆፈርና አሳማ ማርባት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር። የብረት መጥረቢያ ከመምጣቱ በፊት ዛፍ የሚቆረጠው በድንጋይ መጥረቢያ ነበር። ብረቱም ወደ መንደሮቹ የደረሰው ከመንግሥት ሹማምንት ቀድሞ፣ ከጎረቤት ሕዝቦች ጋር በሚደረግ ልውውጥ ነው።

መሬት የጎሳ ነው። ሰው የዘመዶቹን መሬት ያርሳል እንጂ ለባዕድ አይሸጥም። የሚከማቸውና ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ሀብት አሳማ፣ ዛጎልና መጥረቢያ ነበር። ጋብቻ የሚጸናው፣ ጠብ የሚበርደውና ሐዘን የሚፈጸመው በእነዚህ ስጦታ ነው። ሰው ሲሞትም ለእናቱ ወገኖች የሚሰጥ ድርሻ ነበር።

አዳሩ ለየብቻ ነበር። ወንዶች በአንድ ትልቅ የወንዶች ቤት በጋራ ሲያድሩ፣ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር በትንንሽ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። ወንድ ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ወንዶች ቤት ይወሰዳል። ይህ የአዳር ሥርዓት ኋላ ላይ ለሐኪሞች ትልቅ ፍንጭ ሆኗል።

የመንገዱ ሁኔታ

በመንደሮቹ መካከል የነበረው መንገድ ጠባብ የእግር መንገድ ነው። ሆኖም ከአቀበቱና ከጭቃው ይልቅ መንገደኛን የሚያስፈራው ጎረቤቱ ነበር። በጎሳዎች መካከል ጦርነት ስለማይጠፋ፣ ዘመድ የሌለው ሰው የሌላውን መሬት ረግጦ ማለፍ አይደፍርም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ከትውልድ ሸለቋቸው ርቀው ሳይሄዱ ዕድሜያቸውን ይጨርሱ ነበር።

አካባቢውን ያስተዳድር የነበረው የአውስትራሊያ መንግሥት የጥበቃ ጓዶች ወደ ፎሬ ምድር መዝለቅ የጀመሩት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1954 በኦካፓ የጥበቃ ጣቢያ ተቋቋመ። ጦርነቱ ቆመ፤ ከካይናንቱ እስከ ኦካፓ የሚደርስ ሸካራ የመኪና መንገድም ተከፈተ። በዚሁ ዘመን መነሻው ኢትዮጵያ የሆነው የአረቢካ ቡና በደጋማው ክፍል ተስፋፍቶ ለገበሬው የገንዘብ ምንጭ ሆነ። በተከፈተው መንገድ ግን ሹማምንትና ነጋዴዎች ብቻ አልመጡም፤ ሐኪሞችም መጡ።

የበሽታው መልክና የመተት ፍርሃት

ኩሩ የሚለው ቃል ከመንቀጥቀጥ ጋር የተያያዘ የፎሬ ቃል ነው። በሽታው ሲጀምር የሕመምተኛዋ እርምጃ ይንገዳገዳል። ቀጥሎ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሯ ይኮላተፋል። ከዚያም ያለ ድጋፍ መቀመጥ፣ በመጨረሻም መዋጥ ይሳናታል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሞት ያለው ጊዜ በአብዛኛው አንድ ዓመት ገደማ ነበር። ከጥቃቱ ያመለጡት በዋናነት አዋቂ ወንዶች ነበሩ። በጥናቱ መጀመሪያ ዓመታት ከ100 ሕሙማን መካከል ድርሻቸው 2 ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ሴቶችና በሁለቱም ፆታ ያሉ ልጆች ነበሩ።

ለፎሬዎች የበሽታው ምክንያት ግልጽ ነበር፤ መተት ነው። መተተኛው የሰውየውን የምግብ ትራፊ፣ ፀጉር ወይም የልብስ ቁራጭ ሰርቆ በቅጠል ይጠቀልላል፤ ጥቅሉንም ረግረግ ውስጥ ይቀብራል፤ ጥቅሉ ሲበሰብስ ሕመምተኛዋ ትደክማለች ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ሰዎች ትራፊያቸውን በጥንቃቄ ይደብቁ ነበር። እንግዳ ይጠረጠራል፤ በተጠረጠረው ላይም የበቀል ግድያ ይፈጸም ነበር። በሌላ በኩል በደቡብ ፎሬ አንዳንድ መንደሮች የሴቶች ቁጥር ከወንዶች እጅግ አንሶ፣ ሚስት የሞቱባቸው አባቶች ብቻቸውን ልጅ ያሳድጉና የሴቶች የነበረውን የእርሻ ሥራ ይሠሩ ጀመር።

ሐኪሞቹ ያዩትና ያላዩት

በካይናንቱ የወረዳ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቪንሰንት ዚጋስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለ በሽታው ሰምተው ወደ ፎሬ ምድር ተጓዙ። በመጋቢት 1957 አሜሪካዊው ዶክተር ካርልተን ጋይዱሼክ ተቀላቀሏቸው። በአገር በቀል ቁሳቁስ በኦካፓ ሆስፒታል ሠሩ፤ ከመንደር መንደር በእግር እየዞሩ ሕሙማንን መዘገቡ፤ በቤተሰብ ፈቃድ የአስከሬን ምርመራ አድርገው የአንጎል ናሙና ወደ ውጭ ላኩ። የመጀመሪያው ጽሑፋቸው በዚያው ዓመት መጨረሻ ታተመ። ቫይታሚን፣ አንቲባዮቲክና ሆርሞን ሳይቀር ተሞከረ፤ አንዱም አልፈየደም። ይህን ያዩ ብዙ ሕሙማን ወደ መንደራቸው ተመልሰው በዘመዶቻቸው መካከል መሞትን መረጡ።

ትኩሳትም ሆነ ሌላ የኢንፌክሽን ምልክት ባለመገኘቱና በሽታው በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም በመሆኑ፣ በዘር የሚተላለፍ ነው የሚለው መላ ምት ሚዛን ደፋ። መላ ምቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ፎሬዎች የበሽታውን ዘር እንዳያሰራጩ ለሥራ ወደ ሌላ ክልል መሄዳቸው ይገደብ የሚል ሐሳብ እስከ መቅረብ ደረሰ። ጦርነት ቆሞ መንገድ በተከፈተላቸው ማግሥት፣ ባልተረጋገጠ የሕክምና ግምት መንገዱ ሊዘጋባቸው ነበር።

የሽማግሌዎች ትዝታ

ከ1961 ጀምሮ ሸርሊ ሊንደንባውምና ሮበርት ግላስ የተባሉ የሥነ ሰብእ ተመራማሪዎች በደቡብ ፎሬ መንደር ተቀምጠው የዝምድና ሐረግን መዘገቡ። ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ በዚህ መንደር በኩሩ መጀመሪያ የሞተው ማን ነው? መቼስ ነበር? ሽማግሌዎቹ አስታወሱ። በሽታው ከጥንት የወረደ አልነበረም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ከሰሜን መጥቶ መንደር በመንደር ወደ ደቡብ የተጓዘ ነው። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ እንዲህ የተስፋፋ ገዳይ በሽታ በዘር ብቻ ሊተላለፍ እንደማይችል ግልጽ ሆነ።

ሁለተኛው ነጥብ ለሟች የሚደረገው ሥርዓት ነው። በፎሬዎች ዘንድ የሟችን አካል ዘመዶቹ መብላታቸው የፍቅርና የክብር መግለጫ ነበር። አካሉም እንደ ሌላው የሐዘን ድርሻ በዝምድና ደንብ ይከፋፈል ነበር። አዋቂ ወንዶች በአብዛኛው ከዚህ ይርቁ ነበር፤ የአሳማ ሥጋም በይበልጥ የእነርሱ ድርሻ ነው። አንጎሉን ጨምሮ የሟችን አካል የሚያዘጋጁትና የሚበሉት ሴቶች ሲሆኑ፣ በእናታቸው ጎጆ ያሉ ልጆችም ይካፈላሉ። ወንድ ልጅ ወደ ወንዶች ቤት ሲገባ ከአደጋው ይወጣል። የሕሙማኑ ፆታና ዕድሜ ሥርጭት እንግዲህ የአዳሩና የምግብ ክፍፍሉ ነጸብራቅ ነበር።

የቤተ ሙከራው ማስረጃም ተከተለ። በ1959 የእንስሳት ሐኪሙ ዊሊያም ሃድሎ ኩሩ ስክሬፒ ከተባለው የበጎች በሽታ ጋር እንደሚመሳሰል ጠቆሙ። በ1963 በኩሩ የሞቱ ሰዎች የአንጎል ናሙና ለቺምፓንዚዎች ተሰጠ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እንስሳቱ ታመሙ። ጋይዱሼክ፣ ክላረንስ ጊብስና ማይክል አልፐርስ ውጤቱን በ1966 አሳተሙ። ጋይዱሼክ በ1976፣ ፕሪዮን የተባለውን ተላላፊ ፕሮቲን ንድፈ ሐሳብ በ1982 ያቀረቡት ስታንሊ ፕሩሲነር ደግሞ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ማጠቃለያ

ወረርሽኙን የገታው መድኃኒት አልነበረም። ሥርዓቱ በመንግሥት ክልከላና በሚሲዮናውያን ግፊት በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ የቀረ ሲሆን፣ የበሽታው ተላላፊነት የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1960 በኋላ የተወለደ ሰው በኩሩ አልታመመም። ቀድሞ የተጋለጡት ግን መሞታቸውን ቀጠሉ። በ2006 የታተመ ጥናት በሽታው በሰውነት ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል አሳየ። በብሪታንያ በ1996 ከታመሙ ከብቶች ሥጋ ጋር የተያያዘ የሰው ፕሪዮን በሽታ ሲከሠት፣ ስለ ረጅሙ የመደበቂያ ጊዜ በሰው ላይ የተገኘ ዋነኛ ማስረጃ የፎሬዎች ታሪክ ነበር።

ያ ማስረጃ የተሰበሰበው በብዙ ሰዎች ድካም ነው። የፎሬ ተወላጅ የሆኑ ረዳቶች ለአሥርት ዓመታት በእግር ከመንደር መንደር እየተዘዋወሩ እያንዳንዱን አዲስ ሕመምተኛ መዝግበዋል፤ ቤተሰቦችም በሐዘናቸው መካከል የሟቻቸውን አካል ለምርመራ ሰጥተዋል። እነርሱ ለራሳቸው ሕሙማን ፈውስ አላገኙም፤ ዓለም ግን ከእነርሱ አዲስ የበሽታ ዓይነት ተማረ። ለጤና ባለሙያ የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፤ የቤቱ አዳር፣ የማዕዱ ክፍፍልና የሽማግሌው ትዝታ የታሪክ ማዳመቂያ ሳይሆኑ የምርመራው አካል ናቸው።