ከኮምፔንሳቶ ፋብሪካ የተነሣው ሂሳብ

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1938 የሌኒንግራድ የኮምፔንሳቶ አምራች ድርጅት ባለሙያዎች ወጣቱን የሂሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪችን አንድ ነገር አማከሩት። የተለያየ ዓይነት ግንድ፣ አቅማቸው በሚለያይ ማሽኖች ላይ እንዴት ተደልድሎ ቢላጥ ብዙ ምርት ይገኛል? ካንቶሮቪች ነገሩ የግንድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ውሱን ሀብት የሚያብቃቃ ሁሉ እንደሚጋፈጠው ገባውና በ1939 መፍትሔውን አሳተመ። ሁሉን በእቅድ እመራለሁ የሚል መንግሥት ይህን የእቅድ ሂሳብ ለሃያ ዓመት ያህል ችላ ማለቱ ይገርመኛል።

አሜሪካኖቹ እዚያው የደረሱት በሌላ በር ነው። የአየር ኃይሉን እቅድ ሲያሰላ የኖረው ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 የሲምፕሌክስን ዘዴ አወጣ። የሀብቱ ገደቦች ተደራርበው ባለብዙ ማዕዘን ቅርጽ ይሠራሉ፤ ምርጡ መልስ ካለ ከማዕዘኖቹ በአንዱ ላይ ይገኛል። ዘዴው ሁሉንም ሳያዳርስ፣ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተሻለው ጎረቤት እየተሻገረ የሚሻል እስኪያጣ ይሄዳል። መጀመሪያ በሰፊው የተፈተነው በቀለብ ነው፤ ከ77 የምግብ ዓይነት፣ ለአንድ ሰው የሚያስፈልጉትን 9 ንጥረ ነገሮች የሚያሟላው ርካሹ የቱ ነው? የኢኮኖሚ ሊቁ ጆርጅ ስቲግለር ቀደም ሲል በግምት በዓመት 39.93 ዶላር ብሎ ነበር። ዘጠኝ ሠራተኞች በጠረጴዛ የሂሳብ ማሽን፣ የሁሉም ድካም ሲደመር የአንድ ሰው 120 የሥራ ቀን የሚሆን ጊዜ ፈጅተው 39.69 አገኙ። ስቲግለር የሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ!

ዳንዚግ በራሱ ላይ ያደረገው ሙከራ ግን ያስቃል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክብደት ሊቀንስ ፈልጎ ኮምፒውተሩን ምግብ ምረጥልኝ አለው። ሆዱ እንዲሞላለት፣ ውኃው ተቀንሶ ክብደቱ የሚበዛው ምግብ እንዲመረጥ አዘዘ። ማሽኑም 500 ጋሎን አቼቶ ጠጣ አለው፤ በሰንጠረዡ ላይ አቼቶ ውኃ የለውም ተብሎ ተመዝግቦ ነበርና። አቼቶውን ቢሰርዘው በቀን 200 የሾርባ ኩብ አዘዘለት። አራቱን በሙቅ ውኃ በጥብጦ ቢቀምሰው ጨው ሆነበትና ተፋው። ለኩቡ ጣሪያ ቢያበጅለት ደግሞ ፉርሽካ መጣ። በመጨረሻ ባለቤቱ አን አመጋገቡን ተረከበችው። ማሽኑ የመለሰው የተጠየቀውን ነው። የዚህ ሙያ ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው ጥያቄውን አስተካክሎ በመጻፍ ነው።

በ1954 ዳንዚግ ከባልደረቦቹ ከፉልከርሰንና ከጆንሰን ጋር ከዚሁ ሂሳብ ተነሥቶ 49 የአሜሪካ ከተሞችን የሚያዳርሰውን አጭሩን መንገድ አገኘ። በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ለካንቶሮቪችና ለኢኮኖሚ ሊቁ ቻሊንግ ኩፕማንስ ሲሰጥ ዳንዚግ ተዘለለ፤ በእኔ ሚዛን ፍርደ ገምድል ውሳኔ ነበር። ከዚያ የሂሳብ ሊቃውንቱ ካቺያን በ1979፣ ካርማርካር በ1984 ለዚሁ ስሌት ከሲምፕሌክስ የተለየ መንገድ ከፈቱ። ሲምፕሌክስ ግን ዛሬም ከሥራ አልወጣም።

ፍጥነቱን ሁሉ ለኮምፒውተር የሚሰጥ ሰው የዘርፉን ባለሙያ የሮበርት ቢክስቢን ስሌት ይመልከት። ከ1988 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ማሽኖቹ 1,600 ጊዜ ፈጠኑ፤ የሂሳቡ ዘዴ ራሱ ደግሞ 3,300 ጊዜ።