ከሴባስቶፖል እስከ ሰይቼንቶ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው ጎዳና የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ የፎገራን ሜዳ ሲያጋምስ፣ ወረታ ላይ አንድ እጁን ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። ይህ በቻይና ባለሙያዎች የተሠራው መንገድ በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ ወልድያ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የአሮጌ መኪና ፍቅር ያደረበት ሰው የአገራችንን የመኪና ታሪክ ከዚህ መገንጠያ ቢጀምር አይሳሳትም። ምክንያቱም በዚህ አቅጣጫ መንኮራኩር ከሞተር ቀድሞ ተጉዟል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ በ1859 ዓ.ም. አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ያሠሩት የሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ በጋሪ ተጭኖ ወደ መቅደላ ሲነሣ ሞተሩ የብዙ መቶ ሰዎች ክንድ ነበር፤ ፍሬኑም ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ የሚስቡት እነዚያው ሰዎች ነበሩ። መንገዱን አስቀድሞ መጥረግ ግድ ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። የዛሬው አሽከርካሪ ጋይንት ላይ ጎማ ሲተነፍስበት ቢያማርር፣ ይህን ማስታወስ ይጠቅመዋል።

ባለሞተሩ መንኮራኩር አዲስ አበባ የደረሰው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ለዐፄ ምኒልክ መኪናውን ከጅቡቲ ያመጣው እንግሊዛዊ ቤንትሊ ይባል ነበር፤ መኪናው ግን ሲድሊ ነበር። በቤንትሊ ስም የሚታወቀው ዝነኛ ፋብሪካ የሌላ ቤንትሊ ሲሆን ገና 11 ዓመት ይቀረው ነበር።

ወደ ጣና ዙሪያ ሞተር በብዛት የመጣው በጦር ነው። የስታራቼ የሞተር ጓድ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን፣ በሚያዝያ ደብረ ታቦርን ያዘ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ የጭነት መኪኖቹንም ቃላቱንም ትቶ ሄደ። ፊያት 634ን ጣሊያኖች «ዝሆን» ሲሉት የእኛ ሾፌሮች በቁጥሩ ጅራት «ትሬንታ ኳትሮ» አሉት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ሁሉም የዚያ ቋንቋ ልጆች ናቸው። ካንዴላ በአገሩ ሻማ፣ ኮፈን ሣጥን፣ ባሌስትራ ደግሞ ቀስት ነው። ካላማዳሪያማ «የአየር ክፍል» ማለት ሆኖ ሳለ በአፋችን ተፈጭቶ የመንደር ሴት ስም መስሏል። «ሾፌር» ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ እሳት አንዳጅ ነው፤ የእንፋሎት ዘመን ትዝታ። ከዚህ ሁሉ ባዕድ መካከል አንዱ ክፍል ግን በአማርኛ ስሙ ጸንቷል፤ እርሱም መሪው ነው። ብረቱ ቀልጦ ምስማር ሆኗል። የቃላቱ ባለቤቶች የሆኑት አዛውንት ሾፌሮችና መካኒኮች ግን በየዓመቱ እያለፉ ነውና፣ ተረትና ቀረርቶ የሚሰበስቡ የባህል ሠራተኞች ወደ ጋራዥም ጎራ ቢሉ ደግ ነው።

ስለ ቅንጡ መኪና ከተነሣ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሮልስ ሮይሶች ይልቅ በሕዝብ ትዝታ የቀረችው አንዲት ቮልስዋገን ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በእርሷ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነበር። የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ሰይቼንቶም፣ ማለትም ፊያት 600፣ እንዲሁ ሞተሯን እንደ እናት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር፤ የፊት ኮፈኗን የሚከፍት እንግዳ ሞተር ጠፋ ብሎ ሳይደነግጥ አይቀርም።

ዛሬ በወረታ መገንጠያ የሚርመሰመሰው የሕንዱ ባጃጅም ሞተሩን ከኋላ አዝሏል። ቆሞ እምቢ ሲል ወጣቱ ጠጋኝ ጎንበስ ብሎ ያይና «ካንዴላው ነው» ይላል።