ሁለት መድኃኒቶች ባንድ ሰው ሆድ

መሐንዲስ ስለ መድኃኒት መጻፉ ከሙያው ድንበር መውጣት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሁለት መከላከያዎች ባንድ ጊዜ ሲነሡ የሚደርሰውን አደጋ ማሰብ የኛም ሥራ ነው። ከባልደረቦቻችን መካከል ለልብ ሕመም ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ በጉልበት ቁርጥማት የሚሠቃዩ ስላሉ፣ የሁለቱን መድኃኒቶች ታሪክ መመልከት ይበጃል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ታሪክ መነሻው የአኻያ ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ከጥንት ጀምሮ ለሕመም ማስታገሻነት ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን በጀርመኑ ባየር ኩባንያ፣ በቅርፊቱ ከሚገኘው ንጥረ ነገር ጋር ዝምድና ያለውን አስፕሪንን በንጹሕ መልኩ አዘጋጀ። አስፕሪንም የቁርጥማት ሕመምተኞች መጽናኛ ሆነ።

ሁለተኛው ታሪክ የተጀመረው በከብቶች በረት ነው። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ፣ ስዊት ክሎቨር የተባለውን መኖ ሻግቶ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደርና የማይረጋ ደም ይዞ በበረዶ ውሽንፍር ማዲሰን ከተማ ደረሰ። በዚያ የነበረው ካርል ፖል ሊንክ ከረዳቶቹ ጋር ለዓመታት ደክሞ የጥፋቱን ምንጭ ለየ። ከዚሁ ጥናት የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት ዋለ፤ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ፤ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን በታመሙ ጊዜ ተሰጣቸው።

ዋርፋሪን የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ደም አርጊ ፕሮቲኖችን ይቀንሳል። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ የፕላትሌትን መያያዝ ያደናቅፋሉ፤ ጨጓራን የሚጠብቀውንም ልባስ ያሳሳሉ። የአሠራራቸውን ምሥጢር በ1971 የገለጸው ጆን ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። እንግዲህ ሁለቱ ሲገናኙ፣ አንዱ ያቈሰለውን ጨጓራ ሌላው ደሙ እንዳይቆም ያደርገዋል። አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎችም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደሉም።

አባቴ ዋርፋሪን እየወሰዱ ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ገዝተው ለአንድ ሳምንት ዋጡ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ በጠቆረ ጊዜ ሆስፒታል አደረስናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ሻጩ ሌላ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም የጉልበት ክኒን ከልብ ክኒን ጋር ምን አገናኘው ብለው አልነገሩትም።

ይህ ማለት ግን ሕመምተኛው ሥቃዩን ችሎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሙት ፓራሲታሞልን ነው፤ እርሱም ለብዙ ቀናት ሲወሰድ የዋርፋሪንን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል የደም ምርመራው መደጋገም ይኖርበታል። የሞቀ ፎጣ፣ በባለሙያ የተመራ የሰውነት እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስም ይረዳሉ። የሚቀባ መድኃኒት እንኳ ሐኪም ሳይጠየቅ መጀመር የለበትም። በሌላ በኩል፣ ሐኪሙ አስፕሪንን ከደም ማቅጠኛ ጋር አውቆ የሚያዝበት ጊዜ ስላለ፣ የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደገኛ ነው።

የነባሩን ሕንጻ ንድፍ ሳናይ ምሰሶ አንነካም። ስለ ገላችንም እንዲሁ፣ የምንወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፈን ለሐኪሙም ለመድኃኒት ሻጩም እናሳይ። አባቴ ዛሬ ያን ወረቀት ከኪሳቸው አይለዩትም።